የክሊምት ሥዕል ያለበት ካርታ፦ ለጨዋታ ወይስ ለቡፌ?

ደሴ ፒያሳ ዙሪያ ካሉ የስጦታ ዕቃ መደብሮች በአንዳንዶቹ፣ በግድግዳ ሰዓትና በፎቶ ፍሬም መሀል፣ ወርቃማ ጠፍጣፋ ሣጥን ይታያል። ክዳኑ ላይ ወርቀ ዘቦ ካባ በመሰለ ልብስ የተጠቀለሉ ወንድና ሴት ተቃቅፈዋል፤ የኦስትሪያዊው ሠዓሊ የጉስታቭ ክሊምት «መሳሳም» ነው። ሣጥኑ ሲከፈት ሁለት ፓኬት ካርታ ጎን ለጎን ተኝቷል፦ አውሮፓ የታተመ፣ ወረቀት፣ በአንዱ ፓኬት 52 ካርታና 3 ጆከር፣ በድምሩ 110። ዋጋው ከተራው የሱቅ ካርታ ስድስትና ሰባት እጥፍ ስለሆነ መስታወቱ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ ይኼ ይጫወቱበታል ወይስ ቡፌ ውስጥ ተቀምጦ እንግዳ ያየዋል?

ይጫወቱበታል። ግን ሁሉም ጨዋታ አይሆንበትም፣ ሁሉም እጅ አይመቸውም፤ ለኮንከር ብሎ አንድ ሣጥን ብቻ ገዝቶ የሚሄድ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው። ጥፋቱ የሥዕሉ አይደለም፣ የጀርባው ነው።

ባለ ሁለት ፓኬት ሣጥን መጀመሪያውኑ የታሰበው ብሪጅ ለሚባለው የካርታ ጨዋታ ነው። ብሪጅ ላይ በአንዱ ፓኬት እየተጫወቱ ሌላው ለቀጣዩ ዙር ይበወዛል፤ እንዳይቀላቀሉ ሲባል ጀርባቸው ሆን ተብሎ ይለያያል። በዚህኛው ሣጥን አንዱ ወርቃማ፣ ሌላው ጥቁር ሰማያዊ ነው። ኮንከር ደግሞ ሁለቱን ፓኬት ቀላቅሎ ነው የሚታደለው። ወርቃማና ሰማያዊ ጀርባ ተቀላቅሎ ሲታደል ምን እንደሚሆን ለመገመት ብዙ ማሰብ አይጠይቅም። አንዱ የልብ 7 በወርቃማ ጀርባ መሬት ወርዶ ከሆነ የቀረው የልብ 7 ሰማያዊ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ መሀል ካለው ክምር ላይ ወርቃማ ከተኛ ደግሞ የሚጠብቁት 7 እንዳልሆነ ሳይስቡት ያውቃሉ። ለመዝጋት አንድ ካርታ የቀረው ሰው ክምሩን በዓይኑ እያነበበ ይስባል። ይኼ ጨዋታ አይደለም።

መፍትሔው ሁለት ሣጥን መግዛትና መለዋወጥ ነው። ሁለት ቤት አንድ አንድ ይገዛል፤ አንደኛው ሁለቱን ወርቃማ፣ ሌላኛው ሁለቱን ሰማያዊ ይወስዳል። ሲገዙ ግን ሁለቱንም ሣጥን ከሱቁ ደጃፍ አውጥቶ በቀን ብርሃን ማስተያየት ያስፈልጋል። በተለያየ ጊዜ የታተመ ወርቃማ ጀርባ አንዱ ወደ ብርቱካን፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፤ የሱቁ አምፖል ልዩነቱን ይውጠዋል፣ የቀን ብርሃን ያወጣዋል። ሁለቱም ፓኬት አገልግሎት መጀመር ያለባቸውም በአንድ ቀን ነው። አንዱ ወር ያህል ተጫውተውበት ሌላው አዲስ ከሆነ፣ የተነጨውን ጠርዝ ጣት ያለ ዓይን እርዳታ ይለየዋል።

ከዚያ የሥዕሉ አቅጣጫ አለ። ተራ ካርታ ጀርባው ወደላይም ወደታችም ቢዞር አንድ ነው። «መሳሳም» ግን ራስና እግር አለው፦ ከላይ ፊታቸው፣ ከታች አበባው ሜዳ። ጀርባው ላይ ሥዕሉ እንዳለ የታተመበት ፓኬት አንድ ካርታ 180 ዲግሪ ሲዞር በሩቁ ይታወቃል። ተንኮል ያለው ሰው አስና ጆከሮቹን ራሳቸውን ወደታች አድርጎ ካስገባ፣ ካርታው ሳይዞር ቢበወዝም ቢታደልም ምልክቱ አይጠፋም። የተሻሉት እትሞች ጀርባው ላይ ሙሉ ሥዕል አያደርጉም፤ ከካባው ላይ ያሉትን ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘኖች ወይም የሴትዮዋን ልብስ ክቦች ወስደው እንደ ጨርቅ ይደግሟቸዋል። ሱቅ ውስጥ ማረጋገጫው ቀላል ነው። አሥር ካርታ ውሰዱ፣ አምስቱን አዙሩ፣ ቀላቅሉ፣ ጀርባቸውን ደርድሩ። የዞሩትን በአምስት ሰከንድ ውስጥ መለየት ከቻላችሁ ፓኬቱ ለገንዘብም ለክብርም ጨዋታ አይሆንም፤ ወይም ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት አንድ ሰው ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ማስተካከል፣ ከዚያም ሳያዞር መበወዝ አለበት። የኛ ሰው ካርታውን መሬት ላይ በትኖ በሁለት መዳፉ ነው የሚያማስለው፤ በዚህ አበዋወዝ አቅጣጫ አይጠበቅም።

ጀርባው ነጭ ጠርዝ የሌለው ከሆነ ደግሞ አቆራረጡን ተመልከቱ። ንድፉ እስከ ጫፍ ሲሄድ መቁረጫው ግማሽ ሚሊሜትር ከሳተ በግራ ጠርዝ ሙሉ ክብ፣ በቀኝ ጠርዝ ግማሽ ክብ ይቀራል፤ ያኔ ተመሳሳይ የመሰለው ጀርባም አቅጣጫ አገኘ ማለት ነው። ነገሩ የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ፊል አይቪ የተባለው አሜሪካዊ ቁማርተኛ ለንደን ክሮክፎርድስ ካሲኖ ውስጥ 7.7 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል የሰበሰበው ከባልደረባው ጋር ይህንኑ የጠርዝ ልዩነት አንብቦ ነው። ካሲኖው አልከፍልም አለ፤ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2017 ለካሲኖው ፈረደ። ደሴ ላይ የሚያስይዙት የቡና ወረፋ ቢሆንም ጠርዙ ያው ጠርዝ ነው።

ወደ ፊቱ እንምጣ፤ ሰው የሚገዛው እሱን አይቶ ነውና።

ክሊምት (እ.ኤ.አ. 1862–1918) አባቱ ወርቅ ቀራጭ ነበሩ፤ በታወቁት ሥዕሎቹ ላይ ያለው ወርቅ የቀለም ሳይሆን የእውነተኛ ስስ ወርቅ ቅጠል ነው። ሌላው ልማዱ ሸራውን እኩል አራት ማዕዘን ማድረግ ነው። 1907 እና 1908 ላይ የተሠራው «መሳሳም» 180 በ180 ሴንቲሜትር ነው፤ ቪየና ቤልቬዴሬ ሙዚየም ይገኛል። ከመልክአ ምድር ሥዕሎቹም አብዛኞቹ እኩል ጎን ያላቸው ናቸው። ካርታ ደግሞ እኩል ጎን የለውም። የዚህ ሣጥን ካርታ 57 በ88 ሚሊሜትር ነው፤ የብሪጅ መጠን ይባላል። እኩል ጎን ያለው ሥዕል ቁመቱን ሞልቶ ከተቀመጠ ስፋቱም 88 መሆን ነበረበት፤ 57ቱ ብቻ ስለሚገባ 31 ሚሊሜትር፣ ማለትም ከሥዕሉ 35 በመቶ፣ ተቆርጦ ይወድቃል። ሥዕሉ ሙሉ እንዲሆን ከተፈለገ 57 በ57 ሆኖ መሀል ይቀመጥና ከላይና ከታች ባዶ ይቀራል።

የዚህ ካርታ አሳታሚዎች ሁለቱንም አድርገዋል። በቁጥር ካርታዎቹ ላይ ቆርጠዋል፣ ንጉሥ፣ ንግሥትና ጄ ላይ ሙሉውን አስቀምጠዋል። ፍርዳቸው ጥሩ ነው፤ አንድ ቦታ ግን ስተዋል። «መሳሳም» ሲቆረጥ የቀሩት ሁለቱ ራሶችና የካባው መሀል ናቸው፤ ከታች በቀኝ በኩል ከሜዳው ጫፍ ላይ የተንጠለጠሉት የሴትዮዋ እግሮች ጠፍተዋል። ሥዕሉን የሚያውቅ ሰው ያቺን ገደል አፋፍ የያዘች እግር ነው መጀመሪያ የሚፈልገው። አዝዋ ገደልን ለሚያውቅ ደሴዬ መቼም አፋፍ ላይ ተንበርክኮ መሳም ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም።

ከሁሉም የተዋጣለት 1901 ላይ የተሣለው «ዮዲት» ነው። 84 በ42 ሴንቲሜትር የሆነ ረጅምና ቀጭን ሥዕል ስለሆነ በ88 ሚሊሜትር ቁመት ሲቀመጥ ስፋቱ 44 ይሆናል፤ በግራና በቀኝ 6 ሚሊሜትር ተኩል ይተርፋል። ቁጥሩና የካርታው መልክ ምልክት የሚቀመጡት ልክ እዚያች ትርፍ ላይ ነው። ሥዕሉም አልተነካ፣ ቁጥሩም አልተሸፈነ። የሥዕል ካርታ ሁሉ እንዲህ ረጃጅም ሥዕል ቢመርጥ ግማሹ ችግር ባልኖረ ነበር።

ግን ዮዲት ደረቷ የተገለጠ ናት። «ዳናኤ» ደግሞ ከዚያም ያለፈ እርቃን ነው። ሁለቱም በዚህ ፓኬት ውስጥ አሉ። ካርታ ጎዶሎ ሆኖ አይጫወቱበትምና እነሱን ብቻ አውጥቶ መደበቅ አይቻልም፤ አያት በተቀመጡበት፣ ሼኹ ወይም የነፍስ አባት ብቅ በሚሉበት ሳሎን ይህ ፓኬት አይወጣም። ለሰርግ ወይም ለኢድ ስጦታ የሚገዛ ሰው ይህን ሳያውቅ እንዳይሰጥ። እርቃን የሌለበት፣ የመልክአ ምድሩን ሥዕሎች ብቻ የሰበሰበ እትም ከተገኘ እሱ ይሻላል።

ወርቁ ወርቅ አይደለም። ማተሚያ ቤት ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀላቅሎ ነው የሚያትመው፤ ከአራቱ የሚወጣው ቢበዛ የሰናፍጭ ቀለም ነው። ወርቅ ብርሃን ሲመታው መልኩ የሚሞቀውና የሚቀዘቅዘው ብረት ስለሆነ ነው፤ ቀለም ግን ዝም ብሎ ቢጫ ነው። አሳታሚዎቹ ሣጥኑ ክዳን ላይ አምስተኛ፣ ብረት የተቀላቀለበት ቀለም ጨምረዋል፤ ካርታው ላይ አልጨመሩም። ክዳኑን አይቶ የገዛ ሰው እዚህ ላይ ቅር ይለዋል። ለጨዋታ ግን እንዲያውም ደግ አደረጉ፤ የብረት ቀለም ጣት ሲበዛበት ይለቃል፣ በተለይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጥግ ላይ መጀመሪያ ይገረጣል፣ የገረጣ ጥግም ምልክት ነው።

አሁን ዋናው ፈተና። 13 ካርታ በእጅ ተዘርግቶ ሲያዝ ከእያንዳንዱ የሚታየው ከ1 እስከ 1 ተኩል ሴንቲሜትር ስፋት ያላት የጎን ቁራጭ ናት። ሥዕሉ በሙሉ የሚታየው የመጨረሻው ካርታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው የሚጫወተው በሥዕሉ ሳይሆን በጥጉ ነው። የዚህ ካርታ ቁጥር ቁመቱ 6 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከሥሩ ያለው ምልክት 4 ሚሊሜትር። ለወጣት ዓይን ይበቃል፣ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ያንሳል። የከፋው ቀለሙ ነው። አሳታሚዎቹ ከሥዕሉ ጋር እንዲስማማ ብለው ቀዩን ወደ ጡብ፣ ጥቁሩን ወደ ቡናማ ስበውታል። ቀን ላይ ችግር የለውም። ማታ በቢጫ አምፖል፣ ወይም መብራት ጠፍቶ በሻማ፣ ዳይመንድና አበባ ይምታታሉ። ክሬዚ ላይ መልክ ተምታቶ የተጣለ ካርታ ጠብ ያስነሣል። ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ካለ ችግሩ ይቀላል።

ቁጥሩ በሁለት ጥግ ብቻ ነው ያለው፣ ከላይ በግራና ከታች በቀኝ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ሲዘረጋ ግራው ጥግ ይታየዋል። ግራኝ ሲዘረጋ ግን የሚታየው የቀኙ ጥግ ነው፤ እዚያ ሥዕል እንጂ ቁጥር የለም። ግራኝ ያለበት ቤት በአራቱም ጥግ ቁጥር ያለው ካርታ ይፈልግ። የሥዕል ካርታዎች ላይ ይህ እምብዛም አይገኝም፤ ምክንያቱም አራት ጥግ ቁጥር ሲሞላ ለሥዕሉ የሚቀረው ቦታ ይጠባል።

ስለ ንጉሥና ንግሥት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ተራ ካርታ ላይ ንጉሡ ሁለት ራስ ያለው፣ አንዱ ወደላይ አንዱ ወደታች የሆነው ለጌጥ አይደለም። በጥንቱ ካርታ ንጉሥ አንድ ራስ ነበረው፤ ተገልብጦ የደረሰው ሰው ቀና ሊያደርገው ያዞረዋል፣ ሲያዞር ያዩ ተጫዋቾችም «እጁ ላይ ባለ ምስል አለ» ይላሉ። ባለ ሁለት ራሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው ለዚህ ነው። የሥዕል ካርታ ግን ወደ ጥንቱ ይመልሰናል፤ ክሊምት የሣላትን እመቤት፣ አዴሌ ብሎኽ ባወርን፣ በጭንቅላቷ ያቆማት ሰው እጁ ሳያስበው ያዞራታል። የጥግ ቁጥሩ ከሁለቱም ወገን ስለሚነበብ ማዞር አያስፈልግም፤ እጅን ማስለመድ ብቻ ነው። ለጀማሪዎች ካርታ የሚያድለው ሰው ይህን አስቀድሞ ቢነግራቸው ጥሩ ነው።

እግረ መንገድ፦ ሥዕልን ካርታ ላይ መለጠፍና ካርታን እንደ ሥዕል መሥራት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሠዓሊዎቹ ሶንያ ደሎኔና ሳልቫዶር ዳሊ ለካርታ ብለው ራሳቸው ነድፈዋል፤ ደሎኔ ንጉሥና ንግሥቱን በጥቂት ደማቅ የቀለም ቅርጾች ሠርታ በአንድ ዓይን እይታ የሚለዩ አድርጋቸዋለች። ክሊምት ለካርታ ብሎ የሣለው የለም፤ ሌሎች ናቸው የቆረጡት። ልዩነቱ እጅ ላይ ይታወቃል።

ወረቀቱ ግን ያስመሰግናል። በስልክ ባትሪ ከኋላ ስታበሩበት የፊቱ ምልክት አያልፍም፤ ሁለት ስስ ወረቀት በጥቁር ሙጫ ተጣብቆ ስለተሠራ ነው። ከሁለቱ ጫፍ ይዛችሁ ቀስት እስኪሆን አጉብጣችሁ ስትለቁት ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ፊቱ በጣት ሲዳሰስ እንደ ጨርቅ ሸካራ ነው፤ በየጉድጓዷ ጥቂት አየር ስለምትይዝ ካርታው እርስ በርሱ አይጣበቅም፣ ሲታደል ይንሸራተታል። 55ቱ ሲደረደሩ 16 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ይሆናሉ፣ አንዱ 0.3 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። የጠበበው ስፋትም ለኮንከር ይመቻል፤ 63 ሚሊሜትር ከሆነው የፖከር መጠን ይልቅ 13 ካርታ በአንድ እጅ ለመያዝ ይቀላል።

ወረቀት ስለሆነ ግን አየር ይጠጣል። በክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ደሴ ላይ ሲተኛ ካርታው በአንድ ቀን ይቆለመማል፤ ኮምቦልቻ ሲወርድ ደግሞ ሙቀቱ አድርቆ በተቃራኒው ያጎብጠዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከፍታው በ600 ሜትር ገደማ ይለያያል፣ ወረቀት ይህን ያውቃል። ከጨዋታ በኋላ በሣጥኑ አጥብቆ መዝጋት ያስፈልጋል። ከተቆለመመ ወደ ተቃራኒው ቀስ ብሎ አጉብጦ፣ ከባድ መጽሐፍ ሥር 24 ሰዓት ማሳደር ይበቃዋል። ከሰል ማንደጃ ዳር ማድረቅ ክልክል ነው፤ አንዱ ፊት ቀድሞ ይደርቅና ካርታው እንደ ቆርቆሮ ይጠቀለላል፣ ያኔ አይመለስም።

ከእርጥበት የባሰው ስኳር ነው። የሻይ ጠብታ ነካው ማለት ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል፤ ወዲያው እርጥብ ሶፍት በስሱ አሳልፎ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፣ አሥር ደቂቃ ለብቻው ማስቀመጥ። የለውዝ ዘይት ጀርባው ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ይተዋል፣ አይለቅም። በርጫ ላይ ደግሞ እጅ ያልበዋል፤ ከዚህ ካርታ ጋር አይሄድም። ሸርተት እንዲል ብለው የሕፃን ፓውደር የሚነሰንሱበት አሉ፤ ፓውደሩ ከእጅ ላብ ጋር ተቦክቶ ካርታውን ከበፊቱ የባሰ ያደርገዋል። መጫወቻውም ባዶ ፎርማይካ ጠረጴዛ መሆን የለበትም፤ ጥፍር ለማስገባት ሲታገሉ ጠርዙ ይነጫል። አንድ ብርድ ልብስ ወይም ባና አጥፎ ማንጠፍ ካርታውን ለማንሳት ያቀላል፣ ዕድሜውንም ያረዝማል። በየማታው ከተጫወቱበት ግን ምንም ቢጠነቀቁ በሳምንታት ውስጥ ጠርዙ ይነጫል። ከአቦል እስከ በረካ ለሚዘልቅ የእሑድ ጨዋታ ነው እንጂ ለዕለት ተዕለት አይደለም፤ ለዚያ ተራው ፕላስቲክ ይበልጣል፣ ቢቆሽሽ በለብ ያለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ይታጠባል።

ሁለት ተመሳሳዮች ገበያ ላይ አሉ። አንዱ ያንኑ የክሊምት ሥዕል ያለበት ርካሽ ቅጂ ነው። ሠዓሊው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነ ሥዕሎቹን ማንም ማተም ይችላል፤ በዚያ በኩል ወንጀል የለበትም። ወረቀቱ ግን አንድ ንብርብር ነው፦ ባትሪ ሲበራበት የልብ ምልክቱ እንደ ጥላ ያልፋል፣ ስታጎብጡት ነጭ ስብራት ይተዋል። የሥዕሉ ፊት ላይ ትናንሽ የቀለም ነጥቦች በዓይን ከታዩ ኅትመቱ ጥራት የሌለው ነው፣ አትውሰዱት። ሌላው «24 ካራት» የሚል የተጻፈበት ወርቃማ ፕላስቲክ ካርታ ነው። አንጸባራቂ ወርቅ መሳይ ሽፋን ያለው ፕላስቲክ ነው፤ ያዳልጣል፣ አንድ ላይ ተደርድሮ አይቆምም፣ መብራት ሲያርፍበት ቁጥሩ አይነበብም። ለፎቶ ያምራል።

ሦስተኛው መንገድ እዚሁ ማሳተም ነው፤ በሀገራችን ሠዓሊ ሥራ ለሚፈልግ ሌላ ምርጫ እምብዛም የለም። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ፈቃድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሠዓሊው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አፈወርቅ ተክሌ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2012፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1981 ነው፤ የሁለቱም ገና አላለፈም፣ ወራሾችን ሳያስፈቅዱ ማተም አይቻልም። በሕይወት ያለ ሠዓሊ ከሆነ አንድ ገጽ የጽሑፍ ስምምነት ይበቃል፦ የትኞቹ ሥዕሎች፣ ስንት ፓኬት፣ መቁረጥ ይፈቀዳል አይፈቀድም። የመጨረሻዋ ነጥብ ትረሳለች፣ ጭቅጭቅ የምታመጣውም እሷ ናት። ለካርታ የሚመቸው ጥቂት ትላልቅ ቅርጾችና ጥቁር መስመር ያለው ሥራ ነው። የአፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ የመስታወት ሥዕል በሐሳብ ደረጃ እጅግ ይስማማ ነበር፤ የገበያ ቀን የሚያሳይ መቶ ሰው ያለበት ሥዕል ግን 57 ሚሊሜትር ላይ ሲወርድ የጤፍ ፍሬ የተበተነ ይመስላል።

ኤ3 የሚያትም ዲጂታል ማተሚያ ያለው ቤት ይበቃል። የፖከር መጠን 63 በ88 ከሆነ በየጎኑ 2 ሚሊሜትር የሚቆረጥ ትርፍ ሲጨመር 67 በ92 ይሆናል፤ በአንድ ኤ3 ወረቀት 6 በ3፣ ማለት 18 ካርታ ይገባል። 18 ሦስት ጊዜ 54 ነው፣ ሙሉ ፓኬት ከ2 ጆከር ጋር፣ ወረቀት ሳይባክን። እያንዳንዱ ምስል ቢያንስ 791 በ1087 ፒክስል ይሁን። በቴሌግራም የምትልኩት ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ጥራቱ ይወርዳል።

ማተሚያ ቤቱ 300 ግራም ወረቀት ይጠቁማል፣ «ጠንካራ ነው» ይላል። 250 ይሻላል። ላሚኔሽኑ በሁለቱም ፊት ሲጨመር 300 ግራሙ 54 ካርታውን ወደ 19 ሚሊሜትር ያደርሰዋል፤ አይበወዝም፣ ከእጅ ይተርፋል። ላሚኔሽኑ ማት ይሁን፣ ግላስ የሚባለው አንጸባራቂው ካርታና ካርታን እንደ እርጥብ መስታወት ያጣብቃል። በአንድ ፊት ብቻ ላሚኔት ማድረግ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ያልተሸፈነው ፊት ብቻ እርጥበት ይጠጣና በሳምንት ውስጥ ሁሉም ይጠቀለላሉ። ያለ ላሚኔሽን ከሆነ ደግሞ የቶነሩ ቀለም መጉበጫው ላይ ይሰነጠቃል።

ዲጂታል ማሽን ፊትና ጀርባን ሲገጥም 1 ሚሊሜትር ያህል መሳቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ጀርባው ላይ ነጭ ጠርዝ ያለው ፍሬም አታድርጉ፤ አንዱ ጠርዝ ሰፍቶ ሌላው ጠብቦ ይወጣል። የሚሻለው ወደላይም ወደታችም አንድ የሆነ፣ እስከ ጫፍ የሚደርስ ደቃቅ ንድፍ ነው፤ የጥበብ ቀሚስ ጥለት ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ጥለቱ ደቃቅ ሲሆን መቁረጫው ቢስትም ዓይን አይይዘውም። ሲቆረጥ ሙሉውን ክምር በአንድ ጊዜ አታስቆርጡ፤ ወፍራም ክምር ከምላጩ ሥር ያዘነብላል፣ የላይኛውና የታችኛው ካርታ በግማሽ ሚሊሜትር ይበላለጣሉ። ያቺን ግማሽ ሚሊሜትር ጣት ያውቃታል። ጥጉ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር በሚያከብ መቁረጫ መከበብ አለበት፤ ያልተከበበ ጥግ በሁለተኛው ጨዋታ ይታጠፋል። ሁለት ፓኬት የሚፈልግ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሽን፣ ተከታትሎ ያሳትም፤ በማግስቱ ቀለሙ ያው አይሆንም።

በዚሁ ምክንያት አንድ ካርታ ከጠፋ ለብቻው አሳትሞ መተካት አይሠራም። ከውጭ የመጣው ሣጥን እዚህ ላይ ይበልጣል። ሁለት ሣጥን ተለዋውጦ ጀርባቸው አንድ የሆነ ሁለት ፓኬት የያዘ ሰው እጁ ላይ ስድስት ጆከር አለ፤ አራቱን ቢጫወትበት ሁለት ይተርፈዋል። የጠፋው የዳይመንድ 9 ከሆነ አንዱን ትርፍ ጆከር ወስዶ ቀጭን የማይለቅ ማርከር በያዘ እጅ በሁለቱም ጥግ 9ኙንና ምልክቱን መጻፍ፣ አምስት ደቂቃ ማድረቅ፣ ከዚያ መሀል አግብቶ መበወዝ።